የማረም ወራት

ሳስካቱን ላይ ወንዙ በረዶውን ሰብሮ ሲያጓራ፣
ተማሪው ፈተና ጨርሶ ሲበተን ወደየሥራ፣
ያኔ ይገባል የኛ ወቅት፣ የመደርደሪያ አረም ወራት፤
ጋሪ ገፍተን እንወርዳለን፣ ዝርዝር ይዘን ወደ ምድር ቤት።

በኔ ቋንቋ ማረም አንድ ቃል ነው፦
አረምም መንቀል፣ ስሕተትም ማቅናት፤
መደብም እንዲሁ አንድ ነው፦
ችግኝ የሚፈላበት፣ መጽሐፍ የሚሰለፍበት።
ኔልዳ ፍሪሰን ይሄን አታውቅም፤
ግን አባቷ ሮስተርን አጠገብ ስንዴ ያርስ ነበርና
በእጇ ታውቀዋለች።
መነጽሯን በቀይ የሱፍ ክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣
ከፊት ከፊት ትሄዳለች፣ እንደ አጫጅ ትከሻዋን ጥላ።

ሕጉን የጻፈችው እሷ ናት፤ አንድ ገጽ አይሞላም፦
ሃያ ዓመት ማንም ካልተዋሰው፣
አዲስ እትም ከተካው፣
ዊኒፔግም ቅጂ ካለ፣ ጀርባው ላልቶ ከዘመመ፣
ቢጫ ወረቀት ይለጠፍበት፤ ጉዳዩ ተፈጸመ።
"መጽሐፍ እወዳለሁ የሚል ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም" ትላለች፤
ብላም ዝም አትል፤ የወደቀ ገጽ እያነሳች ታነባለች።

መግዛቱስ? እሱ ደግሞ የላይኛው ፎቅ ጣጣ ነው፤
ስድስት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የቀዘቀዘ ሻይ፤
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ።
አንዱ የኬሚስትሪ መጽሔት ዘንድሮም ዋጋ ጨምሮ
ሰባት መቶ መጻሕፍት በላ፣ ገና ሳይታዘዙ፣ ወረቀት ላይ።
መጽሔቱንም አንገዛውም፤ እንከራየዋለን፤
ኪራይ ያቆምን ቀን፣ ያነበብነውም ያመልጠናል፤
አከራዩ ከነግድግዳው ነቅሎ እንደሚወስደው ቤት፣
ትናንት የተኛህበት ክፍል፣ ሜዳ ነው ዛሬ ብትመለስበት።
የጥንት ስላቭ ቋንቋ መምህሯ ብሮኒስላቫ እጇን አነሳች፤
"መዝገበ ቃላት" አለች፤ "ሁለት ቅጽ ብቻ።"
የመጀመሪያውን ፈቀድንላት።
ቀሪው ፊደል ለከርሞ።

ኦሬስት ጥጉ ላይ ነው፣ ከሚጠገኑት ዘንድ፤
ሙጫው ከስንዴ ነው፤ በውሃ በጥብጦ፣ በዝግታ አብስሎ፣
እንደ ሕፃን ገንፎ ያማስለዋል፣ ጓል እንዳይቋጥር ብሎ።
ግድግዳው ላይ መርፌዋ ትንቀጠቀጣለች፦ ርጥበት፣ ሙቀት፤
ውጭ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲሆን፣ ቆዳ ሲሰነጠቅ በክረምት፣
እሱ ሌሊት ይመጣል፣
አየሩን ውሃ ሊያጠጣ።

ያን ቀን፣ ኤስ ቢ መቶ ዘጠና አንድ ላይ፣
አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ወደቀች እጄ ላይ፤
ስለ ስንዴ ዋግ ናት፤ የሠላሳዎቹ ዓመታት የማሳ መዝገብ፤
ወረቀቷንም ዋግ የመታው ይመስላል፣
ቡናማ ዱቄት ጣቴ ላይ አራገፈች።
ቅጂዋ ሌላ ቦታ አለ። እትሟ አርጅቷል። ጀርባዋ ላልቷል።
ሕጉ እሷን አስቦ የተጻፈ ነው የሚመስል።
ቢጫውን አወጣሁ።
ኮምፒውተሩ ግን "አንዴ ወጥታለች" አለኝ፤ "ባለፈው ኅዳር፣ በሦስት።"
ማን? አይናገርም። መጽሐፉ ሲመለስ ስሙን ይሰርዛል፤
የተዋሽ ምስጢር ነው፤ እንደ ነፍስ አባት ሰምቶ ይረሳል።
ገጽ አርባ ሁለት ላይ ግን
ቀይ የሱፍ ክር ነበረ፣ ምልክት።

ቀና ብዬ አየኋት። ከተርታው ጫፍ ጎንበስ ብላ ትቆጥራለች።
አልጠየቅኋትም።
ቢጫውን ወደ ኪሴ፣ መጽሐፏን ወደ ቦታዋ፤
በመዳፌ ገፋ አድርጌ፣ ከእኩዮቿ አስተካከልኩ ጀርባዋን።

የቀሩት ሄዱ። ሦስት መቶ አሥራ አንድ ናቸው፦
የተልባ በሽታ፣ የትራክተር ዘይት፣
በዴንማርክ ቋንቋ የተጻፈ የንብ እርባታ፤
በጋሪ ወደ አሳንሰሩ፣ ከአሳንሰሩ ወደ መኪና።
ማረምና እርም በፊደል ጎረቤታሞች ናቸው፤
ለነዚህ ግን ማንም የለም፣ እርም የሚያወጣላቸው።
ተርታው ሳስቶ፣ የተረፉት አንዱ ባንዱ ላይ ዘመሙ፤
ብረት አምጥቼ ደገፍኩላቸው፤ እስከ ከርሞ ቆሙ።